ነስሩን ሲጋራ ላስተው የገባሁበት ጓዳ

ዶክተር አልነበርኩም። ይህን መጀመሪያ ልናዘዘውና ይውጣልኝ። ጤና ረዳት ነበርኩ። ግን በዚያ ዘመን በአሰበ ተፈሪ ነጭ ጋዋን ለብሶ መርፌ የያዘ ሰው ሁሉ "ዶክተር" ነበር፤ እኔም "የለም፣ አይደለሁም" እያልኩ ሕዝቡን ማስቀየም አልወደድኩም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከተማዋን ዛሬ ጭሮ እንላታለን። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከጎጃም ተመድቤ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። "አንቱ" የምባልበትን ቀን እያለምኩ ብመጣ፣ እዚህ ሽማግሌውም ልጁም "አቦ አንተ ዶክተር!" ሲለኝ መጀመሪያ ደሜ ይፈላ ነበር። በኋላ ለመድኩት። ዛሬማ "አንቱ" የሚለኝ ሰው ሲመጣ የሞትኩ ይመስለኛል።

አንድ ሌላ ኑዛዜ አለኝ። በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ አጨስ ነበር። ጠዋት በሽተኞቹን በአግዳሚ ወንበር ደርድሬ ስለ ሳንባ አስተምራለሁ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ሄጄ የራሴን ሳንባ በጭስ አጥነዋለሁ። የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ማንም አያውቅም ብዬ የማምነው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወይዘሮ ዘይነባ አንድ ረቡዕ ጠዋት ጤና ጣቢያ የመጡት ለራሳቸው አልነበረም። ቤተሰባቸው ከስልጤ አገር መጥቶ እዚሁ ከተማ የከበረ ነጋዴ ነው፤ በዋናው መንገድ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ታናሽ ወንድማቸው ነስሩ በሱቁ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። ሙሽራ ከቦኬ ድረስ መጥቶ ሱሪ የሚያሰፋው እሱ ጋ ነበር። ከዚያ ታመመ። ሌላው ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር፤ የስፌት መኪናው ራሱ ይሰድበኛል አለ። አዲስ አበባ ወስደውት ክኒን ይዞ ተመለሰ። ክኒኑ ጩኸቱን አስታገሠለት፤ መስፋቱ ግን አልተመለሰም። መኪናው የነበረበት ቦታ ላይ በርጩማ አድርጎ ከጠዋት እስከ ማታ ያጨሳል። በቀን ሁለት ፓኮ ይጨርሳል፤ አንዳንዴም አይበቃውም።

"ዶክተር፣ ፍራሹን ለሁለተኛ ጊዜ አቃጠለው" አሉኝ ወይዘሮ ዘይነባ። "ትናንት ደግሞ አንድ ጥቅል አቡጀዲ። ሱቁ ሙሉ ጨርቅ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ፈርቷል።"

"ቀበሌስ ምን አለ?"

"ሊቀመንበሩ ማለ። 'ከዚህ ቤት አንዴ ጭስ ባይ ወንድምሽን አስረዋለሁ' አለ።" ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "ሰንሰለትም አሠርቶ አምጥቶልኛል፤ ቁልፉም አብሮ። ከሱቁ በር ጀርባ ሰቅዬዋለሁ። እንደ በሬ፣ ዶክተር! ያን የመሰለ ልብስ ሰፊ እንደ በሬ ሊታሰር!"

እኔ ይህን ጊዜ ማለት የነበረብኝ "እትዬ ዘይነባ፣ ስለዚህ ነገር ብዙም አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ" ነበር። ያልኩት ግን "ሦስት ቀን ይስጡኝ" ነው።

ሦስት ቀን! እኔ ራሴ ለሦስት ሰዓት ማቆም የማልችለውን!

ሐሙስ ዕለት ዘመቻዬን በደብዳቤ ጀመርኩ። በዚያ ዘመን ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ወንዝ ያቆማል ተብሎ ይታመን ነበር። ከሊቀመንበሩ ከጓድ ደምሴ ዘንድ ሄጄ "ለነስሩ ሲጋራ የሸጠ ባለሱቅ ይጠየቅበታል" የሚል አጻፍኩ። ጓድ ደምሴ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው ነበር። ማኅተሙን ሁለቴ መታልኝ፤ አንዱ አልታይ ቢል ብሎ። ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ አነበብኩላቸው። ሁሉም "እሺ ዶክተር፣ ሐቅህ ነው" አሉኝ። የመጨረሻው ባለሱቅ ጋ ስደርስ ጉሮሮዬ ስለደረቀ አንድ ፓኮ ሲጋራ ገዝቼ ወጣሁ።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ውጤቱን ልጎበኝ በረንዳው ዘንድ ሄድኩ። ነስሩ ተቀምጧል። በሁለቱም ጆሮዎቹ ላይ ሲጋራ ሰክቷል። የሸሚዙ ኪስ አብጧል። ኮፍያው ውስጥም አለ። እያጨሰም ነው።

"ከየት አመጣኸው?" አልኩ።

"አቦ አላህ ይስጥህ፣ ዶክተር" አለ ረጋ ብሎ። "ደብዳቤህ በጣም ጠቅሞኛል።"

ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ከተማው በሙሉ "ምስኪኑን ነስሩን ሲጋራ ከለከሉት" ብሎ ሰምቷል። ከመስጊድ የሚወጣው ሁሉ ሰደቃ ብሎ አንድ አንድ ሰጠው። ከገበያ የሚመለሰው ክርስቲያንም ለነፍሴ ብሎ ሰጠው። የከለከልኳቸው መሸጥ ነው እንጂ መመጽወት አይደለማ! የአገሩ ልማድ ከድሮም እንዲህ ነበር፤ አእምሮው ለታመመ ሰው በመንገድ ሲያልፉ ሲጋራ መስጠት እንደ ጽድቅ ይቆጠራል። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ኖሬበት ልብ አላልኩም።

ተናደድኩ። "እነማን ናቸው የሰጡህ? ስማቸውን ንገረኝ!"

በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። የጫት ነጋዴዋ፣ የሚኤሶው ሾፌር፣ የሂሳብ አስተማሪው፣ የሊቀመንበሩ ሚስት። ዛሬ ብቻ ሰላሳ አንድ ሰው። ከዚያ ዓይኑን አነሳና፣ "በሌላ ቀን ግን አንደኛ የምትሰጠኝ አንተ ነህ" አለኝ።

እውነቱን ነው። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ሳልፍ አንድ ሲጋራ እጁ ላይ አድርጌለት እሄዳለሁ። ደግ ሰው ነኝ ብዬ ነበር።

"ሰላሳ አንድ ሰው አጠገቤ ቆመ" አለ ነስሩ። "ድሮ መኪናው ሲኖረኝ ሰው ለልኬት ይቆም ነበር። 'ነስሩ፣ ወገቡን ሰብስብልኝ፣ ነስሩ፣ እጅጌውን አስረዝምልኝ' ይለኝ ነበር። አሁን የሚቆመው ለዚህ ነው። ይህን ብተው ለምን ይቆማል?"

አስተዋይ ሰው ብሆን ኖሮ ገጠመኙ እዚህ ጋ ባለቀ፣ እናንተም በጊዜ ወደ ሥራችሁ በሄዳችሁ። እኔ ግን የሰማሁት ሰላሳ አንዱን ሲጋራ ነው፤ ሰላሳ አንዱን ሰው አልሰማሁም። ሲጋራውን ከጆሮው፣ ከኪሱ፣ ከኮፍያው ሰብስቤ "ከዛሬ ጀምሮ አብሬህ እቀመጣለሁ" አልኩትና ከሱቁ ጀርባ ካለችው ጓዳ አስገባሁት። ወይዘሮ ዘይነባ ከውጭ ቆለፉብን። ለሽንት ስናንኳኳ ይከፍቱልናል።

ለእሱ ሁለቴ አንኳኳሁ። ለእኔ ሰባቴ።

በሰባተኛው ስመለስ ነስሩ እየተንቀጠቀጠ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ይወርዳል። አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና፣ "የእኛ ሽንት ቤት ከመቼ ወዲህ ነው ሲጋራ ሲጋራ የሚሸተው?" አለኝ።

ፊቴ በርበሬ መሰለ። "በቃ!" አልኩ። "አንተ ካላጨስክ እኔም አላጨስም። እንማማል።"

"ኪስህን አራግፍ" አለኝ።

አራገፍኩ። ፓኮዬን በበሩ ሽንቁር ለወይዘሮ ዘይነባ አሳለፍኩላቸው። በጣም ኮራሁ። ነስሩ ኪሴን እንጂ ካልሲዬን አልፈተሸም። በቀኙ ካልሲዬ አንዲት ሲጋራ፣ በግራው ክብሪት ነበረኝ። ለክፉ ቀን።

ክፉው ቀን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጣ። ሌሊቱን ነስሩም እኔም አልተኛንም። እሱ ግድግዳውን እየተመለከተ ከድምፆቹ ጋር ይነታረካል፤ "ዝም በሉ፣ እንግዳ አለ" ሲላቸው ሰምቻለሁ። እኔም የምነታረከው ከካልሲዬ ጋር ነበር። ጠዋት ክኒኑን ዋጠ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ደክሞት ጋደም አለ። እኔ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብዬ ጫት አስመጥቼ ነበር። የምዕራብ ሐረርጌን ጫት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጫቱ ብቻውን አይመጣም፤ ጓደኛውን ይጠራል። ግማሹን ቅጠል ሳልጨርስ ቀኝ እግሬ ራሱ የሚጮህ መሰለኝ።

ነስሩን አየሁት። ዓይኑ ተከድኗል፣ ትንፋሹ እኩል ነው። ጎንበስ ብዬ ካልሲዬን ዝቅ አደረግኩ። ለኮስኩ። ሁለቴ ሳብኩ። ወዳጆቼ፣ የዚያን ሁለት ትንፋሽ ጣፋጭነት ብነግራችሁ ትሳሳታላችሁና አልነግራችሁም።

ሦስተኛውን ልስብ ስል ቁልፉ ተንቋቋ። የወይዘሮ ዘይነባ ድምፅና የጓድ ደምሴ ሳል አንድ ላይ! ጭሱን በእጄ በተንኩ፤ ሲጋራውን ወዴት ላድርገው? ፍራሹ ሥር ወተፍኩት። ከነእሳቱ።

በሩ ሲከፈት ዘልዬ ወጣሁና መለስ አድርጌ ዘጋሁት። ግቢው ውስጥ ሊቀመንበሩ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል።

"እህ፣ ዶክተር፣ እንዴት ሆነ በሽተኛው?"

"አንዲትም አልቀመሰም!" አልኩ። "ሙሉ ቀንና ሙሉ ሌሊት!"

"ወላሂ?" አሉ ወይዘሮ ዘይነባ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ።

ይህን ጊዜ አንድ መካከለኛ ንግግር ባደርግ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ደረቴን ነፋሁ። ፈቃደ ኅሊና ስለሚባለው ነገር አስረዳሁ። ይህን ዘዴ ወደ ቦርደዴም ወደ ሚኤሶም ማስፋፋት እንደሚቻል ለጓድ ደምሴ አብራራሁለት። እሱም ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። "በጥናት የተደገፈ" ስል ነበር ወይዘሮ ዘይነባ ከትከሻዬ በላይ አሻግረው ያዩት።

"ጭስ!"

ዞርኩ። ከበሩ ሥር ነጭ ጭስ እየተሳበ ይወጣል። ጓድ ደምሴ በሩን በእግሩ መትቶ ገባ። ውስጥ ነስሩ በባዶ እግሩ ፍራሹን ይረግጣል፤ ጋቢውን በእንስራው ውኃ ነክሮ ጥጡን ያፍናል። እጁ ጠቁሯል። እሳቱን አጥፍቶታል። ጭሱ መሀል የቆመው ግን እሱ ብቻ ነበር፤ ከእግሩ ሥር ደግሞ ግማሽ የተቃጠለች ሲጋራ።

ማን አጨሰ ብሎ የጠየቀ የለም። ምን ይጠየቃል?

"ከየት አመጣኸው?" ጮኸ ጓድ ደምሴ። ነስሩ ዓይኑን ወደኔ አዞረ። አስተያየቱ የመክሰስ አልነበረም፤ እንዲያው አየኝ ብቻ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አፌ ግማሽ ጉንጭ ጫት ይዟል። "እኔ ነኝ" ለማለት ሁለት ቃል ብቻ ይበቃል። ሁለቱም ጠፉብኝ።

"ሰንሰለቱን አምጪ" አለ ሊቀመንበሩ።

"ጓድ፣ እባክህ፣ በአላህ..." አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

"ቤቱ ቢነድ ሰፈሩ ይነድዳል! አምጪ ብያለሁ!"

እያለቀሱ አመጡት። ሰንሰለቱ ሲጎተት የሚያሰማውን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። ነስሩ ሳይጠይቁት ተቀመጠና ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ ሰበሰበ፤ ልክ ሊለኩት እንደመጡ። ጓድ ደምሴ ጎንበስ ብሎ አሰረው። ቁልፉን አዞረው። ቀጭ።

ያን ጊዜ ነው ድምፄ የመጣው።

"እኔ ነኝ።"

ሁሉም ዞሩ።

"ሲጋራው የኔ ነው። እኔ ነኝ ያጨስኩት። እኔ ነኝ ፍራሹ ሥር የወተፍኩት።"

ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ያላሰበው አንድ ችግር አለ፤ አለመታመን። ጓድ ደምሴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ዶክተር፣ ደግነትህን አውቃለሁ። ለበሽተኛ ብለህ ራስህን አታስገምት።"

"እውነቴን ነው!"

"አቦ ተወን፣ ዶክተር" አሉ ወይዘሮ ዘይነባም በእንባ መሀል። "አንተ አሁን ስለ ፈቃድ ምናምን ስትነግረን አልነበር?"

ምን ላድርግ? መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ጫማዬን አወለቅኩ። የግራ ካልሲዬን ገለበጥኩት፤ ክብሪቱ ዱብ አለ። ቀኙን ገለበጥኩት፤ የትንባሆ ፍርፋሪ ረገፈ። ከካልሲው የወጣውን ሌላ ሽታ ግን ለክብሬ ስል አልጽፈውም። ጓድ ደምሴ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አለ።

 ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ። ነስሩ ነበር። ከታመመ ጀምሮ ወንድማቸው ሲስቅ ሰምተው አያውቁምና ወይዘሮ ዘይነባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቀሩ። እየሳቀ በሰንሰለት የታሰረ እግሩን ወደ ሊቀመንበሩ ዘረጋ።

"ጓድ፣ ቁልፉን አምጣው። ይቺ ለዶክተሩ ትጠበዋለች፤ ፍታኝና ላስፋለት።"

ጓድ ደምሴ ሊቆጣ ፈለገ፤ አቃተው። ጎንበስ ብሎ ፈታው። ሰንሰለቱን ከዚያ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ትርፍ ጎማውን ሊያስርበት ወሰደው፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

እነሆ የኔ ዘዴ ፈረሰ፤ ከዚያ የነስሩ ዘዴ ጀመረ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ በእውነት የሱ ነው። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ድረስ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ የልብስ ሰፊ መቀስና ሜትር አስቀመጠ።

"ረጅም ሱሪ በአንዴ ቁምጣ አይሆንም" አለኝ። "ጣት በጣት ነው የሚቆረጠው። ሲጋራህን አውጣ።"

"የኔን?"

"የሁለታችንንም።"

ለካና ምልክት አድርጎ ቆረጠ። ጠዋት እህቱ የቀኑን ቆጥረው በጣሳ ይሰጡታል። የሚያጨሰው ግቢው ውስጥ አሸዋ ካለበት ቆርቆሮ አጠገብ ብቻ ነው፤ ከጨርቁ ራቅ ብሎ። ግማሽ እስኪሆን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጣት እናሳጥራለን፤ ከዚያ ቁጥሩን እንቀንሳለን። እኔም ወደ አዲስ አበባ ሐኪሞች ደብዳቤ ጽፌ ጠየቅኩ፤ በዚህ ጊዜ ያለ ማኅተም። እነሱም ሲጋራውን በአንዴ እንዳይነጥቁት፣ ሲቀንስ ክኒኑ ከወትሮው ሊያይልበት ስለሚችል እንቅልፉን እንድጠብቅ፣ ክኒኑንም ያለ እነሱ እንዳልነካ መለሱልኝ። ጓዳ ውስጥ ሳለን ምን ያህል በጨለማ እየዳከርኩ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ከባዱ ሥራ ግን ከተማው ነበር። ጓድ ደምሴ በስብሰባ ላይ ደብዳቤውን ሻረና "ለነስሩ ሲጋራ የምትሰጡ፣ በሲጋራው ፈንታ ቁሙና አናግሩት" አለ። ሰው መጀመሪያ አፈረ። ከሰው ጋር ባዶ እጅ ቆሞ ማውራት እንዴት ያለ ችግር ነው! የሂሳብ አስተማሪው "ምን ልበለው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ለሌላው ሰው ምን ትላለህ?" አልኩት። ቀስ በቀስ ለመዱት። አንዱ ኦቾሎኒ ይዞ ይቀመጣል፤ ሌላው ሻይ ያስመጣል፤ የጫት ነጋዴዋ የቀሚሷን ጠርዝ እያሳየች "ነስሩ፣ ይህ ስፌት ልክ ነው?" ትለዋለች። ልክ አይደለም ይላታል። ሁልጊዜ ልክ አይደለም።

ነስሩ ፈጽሞ አላቆመም። ዋሽቼ ልጨርስላችሁ እችል ነበር፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ይደክመኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአርባ ገደማ ወደ ስምንት ግማሽ ግማሽ ሲጋራ ወረደ። ፍራሽ ዳግመኛ አልነደደም። ድምፆቹም ጨርሰው አልሄዱም፤ አንዳንድ ሳምንት ይከፉበታል፤ ያኔ ቁጥሩ ይወጣል፤ እንደገና ቆጥረን እንጀምራለን። እኔ ደግሞ በአራት ዓመትና በሰባት መሐላ ተውኩ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ ከኔ ስሕተት የምትቀስሙት ካለ ቅሰሙ። በአንድ ቀን አትንጠቁት። አትቆልፉበት። ሐኪም ጠይቁ፤ የእኔን ዓይነት "ሐኪም" ሳይሆን እውነተኛውን። ከሁሉ በላይ ሲጋራውን ከመቀነሳችሁ በፊት በሲጋራው በኩል የሚያገኘው ምን እንደሆነ እዩ፤ ያን ሳታስገቡ ይህን አታውጡ። እኔ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አእምሮው የታመመ ሰው ሲመጣ "ምን ሆነሃል?" ከማለቴ በፊት ወንበር ስቤ መቀመጥን ተማርኩ።

አንድ ነገር ግን ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ። ታሪኩን ሰው ሲያወራ "ዶክተሩ ወዲያው አመነ" ይላል። ወዲያው አይደለም። ሰንሰለቱ ከሱቅ እስኪመጣ፣ እግሩ እስኪታሰር፣ ቁልፉ እስኪዞር ዝም ብያለሁ። ዝም ባልኩበት በዚያ ጊዜ እውነቱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር።

ከከተማዋ ስዛወር ልሰናበተው ሄድኩ። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብዙ ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት።

"ነስሩ፣ ያን ዕለት ነቅተህ ነበር አይደል? ሲጋራዋን ስለኩስ አይተኸኛል።"

"አይቼሃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? አንተ ብትናገር ግን ያምኑሃል ብዬ ጠበቅኩህ።"

"ባልናገርስ? እስከ መቼ ልትጠብቀኝ ነበር?"

ቀና ብሎ አየኝና ትከሻውን ነቀነቀ።

"ሲጋራዬን ወስደህብኛል። ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ?"